ዐሥራ አራት በመቶ

የሐኪሞች ቦርድ ማክሰኞ ተቀምጦ
ቀኝ እጄን ዘርግቶ፣ አጥፎ፣ አገላብጦ፣
ሌባ ጣትና መሐል ጣት የነበሩበትን ለክቶ
ደብዳቤ ሰጠኝ፣ ማኅተም መትቶ፦
«ዘላቂ ከፊል ጉዳት። ዐሥራ አራት በመቶ።»

ከደጃፉ ቆሜ አንዴ አነበብኩት፣
ወደ ጠባሴ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ደገምኩት።
ዐሥራ አራቱ ከሄደ
ሰማንያ ስድስቱ እኔ ነኝ ማለት ነው?
ታዲያ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣
የልጁን ጫማ ማሰር ያስቸገረው፣
ሌሊት የሌለ ጣት እያሳከከው
የሚነቃው ማን ነው?

ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ።
የሱፍ ማበጠሪያው መከለያ ከተፈታ ወር አልፎት፣
«ያዘገየናል» ብሎ ፈረቃ መሪው አስፈትቶት፣
ጥቅምት ነበር፤ ውርጩ ደብረ ብርሃንን ነጭ ቀብቶት፣
ትእዛዝ በዝቶ፣ አገር ሁሉ ብርድ ልብስ ፈልጎት፤
ሱፍ ተጠቀለለ፤ ላላቅቅ እጄን ሰደድኩት።
ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ነጩ ሱፍ መቅላቱን፣
ሽመክት በሻርፑ ጠቅልሎኝ «አትየው፣ አትየው» ማለቱን።
ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም ይላሉ፤
የኔ መች ገማና!

አቶ ልሳነወርቅ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው፣
ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም።
«ዘጠኝ ሺህ ብር፣ ዛሬውኑ፣ እጅ በእጅ» አለኝ።
እጅ በእጅ!
ሳቄ መጣ፤ ሻዩ ትን አለኝ።
ከወረቀቱ ግርጌ፣ በደቃቁ፦
«ጉዳቱ በራሴ ቸልተኝነት የደረሰ ነው፤
ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም።»
«ፈርምና ተገላገል» አለ፣ እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ እጄ።

ኪራይ ሁለት ወር ቆሟል። ደብሪቱ አትናገርም፤
የጤፉን ማድጋ ግን ጮክ አድርጋ ትከድናለች።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ በተቀደደ ጃንጥላ ሥር
ጋሽ ይልፋሸዋ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ገጹ በሃምሳ ብር።
«ደመወዝህስ?» «ሦስት ሺህ።»
«የዓመቱ ሠላሳ ስድስት ሺህ። እሱን በአምስት አባዛው፤
መቶ ሰማንያ ሺህ። ዐሥራ አራት በመቶውን አንሳው፤
ሃያ አምስት ሺህ ከሁለት መቶ። ይኸው፣ ጻፍኩት፣ ያዘው።
ዘጠኙ ካሳ አይባልም፣ ልጄ፤ ካሳው ከሳ እንጂ።
ውል ምን እንደሆነ ከእናትህ ልቃቂት አልተማርክም?
የክሩ ጫፍ ነው።
ሳታገኘው ከሳብክ ይተበተባል፤
ስምህን ካኖርክበት በኋላ ደግሞ
የሚፈታልህ የለም።»

ሄድኩ፣ ተመለስኩ፤ «ነገ ና»፣ «ሰኞ ና»፣ «ሰውየው ስብሰባ ነው»፤
ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ።
በመጨረሻ ሃያ ሁለት ሺህ አሉ።
ሦስት ሺህ ሁለት መቶዋን ለቅቄ
አንዲት መስመር አሰረዝኩ፦
«በራሴ ቸልተኝነት» የምትለዋን።
ሽመክት ተናደደ፤ «በአንድ መስመር የአንድ ወር ደመወዝ? እጅ ሰጠህ!» አለኝ።
እጅ እንኳ የሰጠሁት ያኔ በጥቅምት ነው።

በግራዬ ፈረምኩ፤ ፊደሉ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተንጋደደ።
ጸሐፊዋ የቅጥር ፋይሌን አወጣች፣ ይህንን አየች፣ ያንን አየች፦
«ፊርማው አይመሳሰልም። ያኔ የፈረመው ሰው ይምጣ።»
አቶ ልሳነወርቅ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።
«ያኔ የፈረመው» አልኳት፣
«እናንተው ጋ ነው የቀረው።»

ባንክ ቤት ብሩን በሦስት ጣት ስቆጥር
ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርም ጀመር።
«ልቁጠርልህ?» አለችኝ ልጅቱ ከመስታወቱ ወዲያ።
«ተዪኝ እህቴ፣ እኔው ቀስ ብዬ ልቁጠረው፤
ማለቁ እንደሁ ፈጣን ነው።»